ዕውቀቱ አለ፤ ማስተማሩስ? በዩኒቨርሲቲ ሳሉ ለመምህርነት ስለመዘጋጀት

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት የተጣለበት ኃላፊነት ለሀገሪቱ የውሃ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ ወዲህ ግን ከምሕንድስናው ጎን ለጎን ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ቋንቋ የሚያጠኑ ወጣቶች በየዓመቱ ይመረቁበታል። ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት የሥራ ሕይወታቸውን የሚጀምሩት ጠመኔ ይዘው በክፍል ሰሌዳ ፊት ቆመው ነው። የታሪክ ወይም የፊዚክስ ምሩቅን በብዛት የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ቢፈለግ ከትምህርት ቤት ሌላ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን አብዛኞቹ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መምህር የመሆን ሐሳብ አልነበራቸውም፤ በትምህርት ላይ በቆዩባቸው ዓመታትም ስለዚሁ ሥራ የሚያስቡት ለምረቃ ሲቃረቡ ነው።

የዚህ ዘግይቶ መዘጋጀት ዋጋ የሚከፈለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲደረግ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ የሰላም እጦትና ቀደም ሲል የነበረው የፈተና ስርቆት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ይሁንና ምክንያቶቹ ተዘርዝረው ሲያበቁም፣ መምህሩ እንዴት ተዘጋጀ የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

ሊበራል አርትስ የሚባለው

በሌሎች ሀገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባሉ ተቋማት አሉ። በእነዚህ ኮሌጆች ተማሪው ለአንድ ሙያ ብቻ አይሠለጥንም፤ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ በስፋት ተምሮ አንዱን በጥልቀት ያጠናል። መምህር መሆን የሚፈልግ ተማሪ ዋናውን የትምህርት ዘርፉን እያጠና የሥነ ትምህርት ኮርሶችን ይወስዳል፤ ከዚያም ትምህርት ቤት ገብቶ በነባር መምህር ሥር ያስተምራል፤ የሚሠራበትን ግዛት የመምህርነት ፈቃድ ሲያገኝም ክፍል ይረከባል።

ይህ ዓይነቱ ኮሌጅ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረውና በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት የተመራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአደረጃጀቱ የሥነ ጥበባትና የሳይንስ ኮሌጅ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና ተጀምሯል። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም ዕውቀትን በስፋት የሚሰጠው ኮሌጅና የማስተማርን ሥራ የሚያሠለጥነው ተቋም፣ በዚህ ሀገር የተጀመሩት ተለያይተው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን የማገናኘት ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእርግጥ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ሁለቱ የተለያዩ አልነበሩም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ላልለየው ያስቀጽላል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን እያስጠና ራሱ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። የኔታ የሚሆነው ሰው ወንበር ከመዘርጋቱ በፊት ለዓመታት ሲያስተምር ኖሯል። ማንም ግን ይህን የመምህራን ሥልጠና ብሎ አይጠራውም ነበር።

የ1957ቱ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም የትምህርት ፋኩልቲ አብሮ ተደራጀ። የፋኩልቲው ዲን የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ነገር ግን ለዛሬ አንባቢ የበለጠ ትኩረት የሚስበው በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ነው።

ሥርዓቱ የተቀረጸው በከፊል የመምህራን እጥረትን ለማቃለል፣ በከፊልም የከተማው ተማሪ ሀገሩን እንዲያውቅ ታስቦ ነበር። ሁለተኛው ዓላማ ከታሰበው በላይ ሠምሯል፤ ገጠሩን አይተው የተመለሱት ተማሪዎች በንቅናቄው ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዓላማ ረገድ ግን ውጤቱ የተደባለቀ ነው። ከትምህርት ፋኩልቲ ውጪ የመጡት ተማሪዎች የሚያስተምሩትን ትምህርት ያውቁ ነበር፤ ክፍልን መምራት፣ ጥያቄ ማውጣት፣ የዘገየውን መደገፍ ግን የተማሩት ክፍል ውስጥ ቆመው፣ በተማሪዎቻቸው ላይ ነው። ለእነርሱ ያ ዓመት ሥልጠና ሆነላቸው፤ ለተማሪዎቹ ምን እንደሆነላቸው ብዙም አልተጻፈም። አብዮቱ ሲፈነዳ አገልግሎቱ ቀረና በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ።

በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ ሌላ መንገድ ያዘ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪውን ለትምህርት ሥራ ማዘጋጀት ዓላማው ነበር።

ፔንዱለሙ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ጉዞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መወዛወዝ ይመስላል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ ቴሶ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ አሠራር የትምህርት ዓይነቱና የማስተማር ዘዴው ጎን ለጎን ይሰጣሉ፤ ሠልጣኙም ከትምህርቱ መጀመሪያ አንሥቶ ፕራክቲከም በሚባለው የተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሳል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን ማድረስ ስላልተቻለ የተጎዳው የትምህርት ይዘቱ ነው የሚል ትችት በረታበት። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሒሳብ አላወቀም ተባለ።

በመሆኑም ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። ተማሪው እንደ ማንኛውም የዘርፉ ተማሪ በፊዚክስ ወይም በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ መምህር ለመሆን የወሰነው አንድ ዓመት የሚወስደውን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይማራል። በተማሪዎች ዘንድ በእንግሊዝኛው አኅጽሮት ፒጂዲቲ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሥልጠና ላለፉት ዓመታት ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ዋና በር ሆኖ ቆይቷል። ሥራ ላይ ያሉ መምህራን በክረምት ወራት ይከታተሉታል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፔንዱለሙ እንደገና መመለስ ጀምሯል። የቀድሞው የኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በ2014 ዓ.ም. የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተደራጀው ትምህርትንና መምህርነትን ዋና ሥራው እንዲያደርግ ነው። ለአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የሚያሠለጥኑት እንደ አርባ ምንጭ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ ተቋማት በበኩላቸው ሁልጊዜም ይዘቱንና ዘዴውን አንድ ላይ ሲሰጡ ኖረዋል።

የአንዱ ዓመት ይዘት

በዲፕሎማው ዓመት የሚሰጡት ትምህርቶች የመማርና ማስተማር ሥነ ልቦና፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ የትምህርት ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ፣ ተግባራዊ ምርምር፣ እንዲሁም ሠልጣኙ ያጠናው የትምህርት ዓይነት የማስተማሪያ ዘዴ ናቸው። ከእነዚህ ጋር በትምህርት ቤት የሚደረግ ልምምድ አለ። ሠልጣኙ መጀመሪያ ያያል፤ ቀጥሎ ከነባሩ መምህር ጋር ያግዛል፤ በመጨረሻም ራሱ ያስተምራል፣ ይገመገማል።

ችግሩ የሚታየው በዚህ መካከል ነው። ዘዴውን የሚያስተምሩት የሥነ ትምህርት ምሁራን ናቸው፤ ይዘቱን ያስተማሩት የፊዚክስ ወይም የታሪክ ክፍሎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ መሥራት ለሠልጣኙ ይተዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ የሆነው ይህንኑ ድልድይ ስም ስለሰጠው ነው። ሹልማን እንደሚለው ጥሩ መምህር ከይዘት ዕውቀትና ከአጠቃላይ የማስተማር ዘዴ ሌላ ሦስተኛ ዕውቀት አለው፤ ያም ይህ የተወሰነ ርዕስ ለእነዚህ ተማሪዎች እንዴት እንደሚገባቸውና የት ላይ እንደሚያደናቅፋቸው ማወቅ ነው።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የፊዚክስ ምሩቅ ከባድና ቀላል ድንጋይ፣ የአየር መቋቋም ጣልቃ ካልገባ፣ እኩል እንደሚወድቁ ያውቃል፤ ቀመሩንም በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል፤ በፈተናም በትክክል ያሰላል። ከክፍል ሲወጣ ግን ከባዱ ይቀድማል የሚለው እምነቱ አብሮት ይወጣል። ይህን እምነት አስቀድሞ የሚጠብቅና በጥያቄ የሚያወጣው መምህር ለዚህ የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁሉም ርዕስ መሰብሰብ አይቻልም። የሚሰበሰበው ተማሪው ራሱ ዲግሪውን ሲማር፣ እርሱን ያደናገረው የቱ ጋ እንደነበረ ማስታወሻ ሲይዝ ነው። ከፈተና በኋላ የሚረሳው ያ መደናገር ለወደፊቱ መምህር ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ዋጋ አለው።

ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው ወደ አራት ዓመት ሲራዘም፣ አዲስ ገቢዎች የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንዲማሩ ተደርጓል። ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሊበራል አርትስ ጋር በጣም የሚቀራረበው ይህ ዓመት ነው። ብዙ ተማሪዎች ወደሚፈልጉት ክፍል ለመግባት የሚያስፈልግ የነጥብ ማሰባሰቢያ አድርገው ያዩታል። መምህር ለሚሆን ሰው ግን ከአራቱ ዓመታት ሁሉ የማይተካው ይህ ሊሆን ይችላል፤ የሥነ ልቦናው ኮርስ ብቻውን እንኳ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ከሌላው ተመራቂ በፊት የማወቅ ዕድል ይሰጣል።

ስፋቱ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን፣ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። በአርባ ምንጭ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በጨንቻ 91 አካባቢ ነው። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ለምን ረጅም ጊዜ እንደሚፈልግ ማንኛዋም የጨንቻ እናት ታውቃለች፤ የኬሚስትሪ መምህሩ ግን ይህን ከግፊት ትምህርት ጋር ካላያያዘው ሁለቱ ዕውቀቶች ሳይገናኙ ይቀራሉ። የጂኦግራፊ መምህር ከታች የሙዝ እርሻውን፣ ከላይ እንሰቱን፣ ገብሱንና አፕሉን አሳይቶ የአየር ንብረት ቀጣናዎችን ማስተማር ይችላል። ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋቱ ቀዳሚ የሆነው አባያ ከክፍሉ መስኮት እየታየ የስምጥ ሸለቆን ከሥዕል ብቻ ማስተማር የሚያስቆጭ ነው።

የታሪክና የዜግነት ትምህርት መምህሩም የሚያነሣው አያጣም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ለምን እንደተዛወረ መጠየቅ ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ይወጣዋል። የጋሞ ማኅበረሰብ የሚመክርበትና የሚዳኝበት ዱቡሻ ስለ ሕዝብ ውሳኔ ለማስተማር ከመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ለተማሪው ይቀርበዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰውን ጥቃት ተከትሎ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ያስቆሙበትን ቀን ያስታወሰ መምህር ስለ ሰላም የሚናገረው ቃል ባዶ አይሆንም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ለማድረግ መምህሩ ከራሱ የትምህርት ዘርፍ ውጪ ማንበብና ያለበትን አካባቢ ማወቅ ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚቀበለው ከመላ ሀገሪቱ በመሆኑ አራት ዓመት ሙሉ ከግቢው ሳይርቅ ተምሮ የሚሄድ ብዙ ነው።

የቋንቋ ጉዳይ

በዚህ አካባቢ ስለ መምህርነት ሲነሣ ቋንቋን መዝለል አይቻልም። በቀድሞው የሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን ቀላቅሎ ወጋጎዳ በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር። አራቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ፤ የተቀላቀለውን ግን በቤቱ የሚናገር ልጅ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ በወላይታ ሶዶ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሥተው እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ እንዲሰጥ ሆነ፤ ዞኑም ተከፋፈለ። መጽሐፉን ይዘው ክፍል እንዲገቡ የታዘዙት መምህራን የነበሩበትን አጣብቂኝ ማሰብ ለዛሬ ሠልጣኞች ትምህርት ይሆናል።

የዛሬው አጣብቂኝ የተለየ ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። ከዚህ መንገድ የመጣ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂው የሚከብደው ብዙውን ጊዜ በባዮሎጂው ምክንያት ሳይሆን በእንግሊዝኛው ነው። መምህሩም ራሱ በዚያው መንገድ አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ በእንግሊዝኛ ጀምሮ በአማርኛ ወይም በጋሞኛ ያብራራል፤ ማስታወሻውን ግን መልሶ በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ተማሪው የገባውና የጻፈው ይለያያሉ። ለመምህርነት የሚዘጋጅ ተማሪ አራቱን ዓመታት እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ካልተጠቀመባቸው ክፍል ከገባ በኋላ ጊዜ አያገኝም። ከሌላ አካባቢ መጥቶ በጋሞ ዞን ለሚመደብ ደግሞ ጥቂት ጋሞኛ መልመድ ከተማሪም ከወላጅም ጋር በር ይከፍትለታል።

ሳይመረቁ ማስተማር

ዲፕሎማው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ልምድ ማግኘት ይቻላል። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት አንዱ ነው፤ በሲቀላና በሴቻ ሠፈሮች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቡድን ማስጠናት ሌላው ነው። በራስ ክፍል ውስጥ ለዘገየ ጓደኛ ማስረዳትም ቢሆን ልምምድ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ግን ሥራውን ወድዶ እንደሆነ ተማሪው ራሱን የሚፈትንበት መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ስለሆነ የመጨረሻው ዓመት በጥናት የተጨናነቀ ነው፤ ልምምዱ ቀደም ብሎ ቢጀመር ይሻላል።

ከሥራው ጋር የሚመጣውን ማወቅም የዝግጅቱ አካል ነው። በደቡብ አካባቢዎች ባለፉት ዓመታት የመምህራን ደመወዝ መዘግየት ተደጋጋሚ መነጋገሪያ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የመጻሕፍት እጥረት ታይቷል። ይህን ሳያውቅ የገባ መምህር በመጀመሪያው ዓመት ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል፤ ትምህርት ቤቱም በዓመቱ መካከል የፊዚክስ መምህር ያጣል።

አዲስ መምህር ሲቀጠር የደረጃ ዕድገት መሰላሉ የሚጀምረው ከጀማሪ መምህር ነው፤ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሙያ ትውውቅ ጊዜ ሲሆኑ፣ ጀማሪው ለአንድ ነባር መምህር ይመደባል። አማካሪው በክፍል ገብቶ ያየዋል፤ አብረው ያቅዳሉ፤ ጀማሪውም የሠራውን በማኅደር ይይዛል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ርቀው በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ግን ለትምህርት ዓይነቱ ያለው መምህር ጀማሪው ራሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አማካሪውም ከሌላ ዘርፍ ይሆናል።

ምደባው ብዙውን ጊዜ በዕጣ ነው። ዕጣው ቦንኬ፣ ካምባ፣ ዳራማሎ ወይም ዲታ ሊያወጣ ይችላል፤ የአርባ ምንጭ ከተማን ትምህርት ቤቶች የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የመብራት ነገር በማያስተማምንበት ትምህርት ቤት፣ ጀማሪው መምህር መስከረም ላይ ይዞት የሚገባው በግቢ ሳለ ያነበበውን፣ የለመደውን እንግሊዝኛና ያስጠናቸው ልጆች ያስተማሩትን ነው።